የሙዚቃ ሸክላና የካሴት ሽፋን ለቤት ግድግዳ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች የሚሆን መመሪያ

ደሴ ውስጥ የካሴት ካርቶን የሌለበት የቆየ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ቁም ሳጥን አናት ላይ ወይም አልጋ ሥር ተቀምጧል። ቴፑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ዘፈኑንም ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው የሚሰማው። ሽፋኖቹ ግን አሁንም ዓይን ይይዛሉ። ደማቅ ቀለም፣ አፍሮውን ያበጠረ ድምፃዊ፣ የሀገር ልብስ ለብሳ የቆመች ዘፋኝ፣ በእጅ የተሳለ የሚመስል ትልልቅ ፊደል። የወሎ ቤት ደግሞ እነዚህን ግድግዳው ላይ ለማኖር በቂ ምክንያት አለው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ የሁለቱ ስም እዚሁ ደጃችን ያለ ቦታ ስም ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ዋናውን ሽፋን አትቁረጡት፣ ኮላ አታስነኩት፣ ምስማር አትምቱበት። ዛሬ የሰቀላችሁት ሽፋን ከዓመታት በኋላ ሲወርድ እንደነበረ መገኘት አለበት። መቁረጥ፣ መለጠፍ ወይም ማስፋት የሚፈልግ ሥራ ሁሉ በኮፒ ይሠራል።

ይህን የምለው እንዲሁ ለመጠንቀቅ ብቻ አይደለም። ማን አቀናበረው፣ ማን ግጥሙን ጻፈው፣ የትኛው ባንድ አጀበው የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ተጽፎ የሚገኘው እዚያች ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቷ ከጠፋች መረጃውም አብሮ ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ስንት ቤት ንብረቱን እንዳጣ ላየ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ስካን ማድረግ የጌጡ ሥራ አንድ ክፍል ነው፤ ከተረፈ ጊዜ የሚሠራ ተጨማሪ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ያላችሁን ለኩ

እጃችሁ ላይ የሚገቡት ሽፋኖች አራት ዓይነት ናቸው። ትልቁ ሸክላ፣ ኤልፒ የሚባለው፣ ሽፋኑ በየጎኑ 31.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትንሹ ሸክላ፣ በየፊቱ አንድ አንድ ዘፈን የሚይዘው፣ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የካሴት ሽፋን የፊት ገጹ 6.5 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። የሲዲ ሽፋን 12 በ12።

የሀገራችን ሸክላ አብዛኛው ትንሹ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ከጀመረ በኋላ፣ እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላ ሲያወጣ ትልልቁ ግን ወደ 12 ብቻ ነበር። ስለዚህ ከአያት ቤት ሸክላ ካገኛችሁ ትንሹ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሸክላ ዛሬ በውጭ ሀገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም ይፈለጋል። «አሮጌ ነው፣ ምን ይጠቅማል» ብሎ ሽፋኑን መቀስ ውስጥ ማስገባት ከዘፈኑ ጋር ገንዘብም መቅደድ ነው።

ከሸክላ ቀጥሎ የመጣው የካሴት ዘመን ረጅም ነው፤ የብዙዎቻችን ቤት ክምችትም ከዚያ የተረፈ ነው። ካሴት ትንሽ ስለሆነ ለብቻው ግድግዳ አይሞላም። በብዛት ሲደረደር ግን ከሁሉም በላይ የሚያምረው እሱ ነው። ወደ እሱ እንመጣለን።

የሌላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ዘመድ ጠይቁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ድሮ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ሰዎች ጓዳቸው ውስጥ የቀረ ነገር አይጠፋም። ሰኞ ገበያ ላይም አሮጌ ዕቃ የሚሸጡትን ጠይቃችሁ እለፉ። ከትልቅ ሰው ስትወስዱ «ይስጡኝ» ከማለት «እትዬ፣ ፎቶውን ብቻ ላንሳና ዛሬውኑ ልመልስልዎ» ማለት ይሻላል። የሚሰጣችሁ ሰው ቁጥር ይጨምራል፤ እናንተም የምትፈልጉት ምስሉን ነው።

መለየትና ማጽዳት

ሽፋኖቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ሦስት ቦታ ክፈሉ። ደህና የሆኑት አንድ ቦታ፣ የተቀደዱትና የደበዘዙት ሌላ ቦታ፣ ሻጋታ ያለባቸው ደግሞ ከሁለቱም ርቀው። ሻጋታ ከወረቀት ወደ ወረቀት ስለሚዛመት እነዚህን ከሌሎቹ ጋር መደራረብ አይገባም። ጥላ ባለበት ነፋሻ ቦታ ደጅ አውጥታችሁ በደንብ ይድረቁ። ከዚያ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ውጭ ጥረጉት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ሻጋታውን ቢያደርቅም ቀለሙን ይበላል።

ለሌሎቹ ደረቅ ንጹህ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። የእጅ እድፍ ካለ ነጭ ለስላሳ ላጲስ በቀስታ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ውሃ የለም፣ አልኮል የለም፣ እርጥብ ጨርቅም የለም። አብረቅራቂ የካሴት ወረቀት ላይ እርጥብ ነገር ምንም አያደርግም ብላችሁ ብትሞክሩ፣ እጥፋቱ ላይ ያለው የተሰነጠቀ ቀለም ተልጦ ይመጣል።

የዋጋ ስቲከር፣ የሙዚቃ ቤት ማኅተም ወይም በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም ካለ ተዉት። የሰውየው ስም፣ የተገዛበት ቀን፣ «ለውድ ጓደኛዬ» የሚል ጽሑፍ የሽፋኑ ታሪክ ነው። ያረጀ ፕላስተርም ቢሆን አትላጡት፤ ወረቀቱን ይዞት ይነሳል።

የተጣጠፈውን ለማቃናት በሁለት ንጹህ ነጭ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ከባድ መጻሕፍት ጫኑበት። አንድ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ጋዜጣ አትጠቀሙ፣ ቀለሙ ይተላለፋል። ካውያም አይሞከርም።

ሸክላው ሽፋኑ ውስጥ ካለ አውጡትና በንጹህ ወረቀት ከረጢት ውስጥ፣ እንደ መጽሐፍ ቁመው በሚደረደሩበት ሳጥን አስቀምጡት። ተጋድሞ ከተደራረበ ይጎብጣል።

ስካን ማድረግ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ጥሩ ስካን ካላችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ጊዜ ማተም ትችላላችሁ። ኮፒው ቢቀደድ፣ ቢደበዝዝ፣ ልጅ ቢጽፍበት ችግር የለም።

የስካን ጥራት የሚለካው በዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች ውስጥ በሚገቡ ነጥቦች ብዛት ነው። በዋናው መጠን ብቻ ልታትሙት ከሆነ 300 ይበቃል። ልታስፉት ከሆነ ግን ከፍ አድርጉ። 6.5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የካሴት ሽፋን በ600 ስካን ከተደረገ 13 በ20 ሆኖ በጥራት ይታተማል። በ1200 ከተደረገ 26 በ40 ይወጣዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ይህን ቁጥር ራሳችሁ ንገሯቸው። ካልነገራችሁ ለሰነድ በሚጠቀሙበት ዝቅተኛ ጥራት ስካን ያደርጉላችኋል፤ ስልክ ላይ ደህና መስሎ ሲታተም ይጠፋል።

አንድ ጣጣ አለ። የድሮ ሽፋን የታተመው በጣም ትንንሽ በሆኑ የቀለም ነጥቦች ነው። ማጉያ መነጽር ብታስጠጉ የዘፋኙ ጉንጭ በቀይና በቢጫ ነጥቦች የተሞላ ሆኖ ይታያችኋል። ስካነሩ እነዚያን ነጥቦች ከራሱ ነጥቦች ጋር ሲያጋጫቸው ምስሉ ላይ የወንፊት ዓይነት መስመር ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። የስካነሩ ፕሮግራም ውስጥ ዲስክሪን የሚል ምርጫ ካለ እሱን ክፈቱ። ከሌለ በ1200 ስካን አድርጉና በኋላ ምስሉን አሳንሱት።

ትልቁ የሸክላ ሽፋን ኤ4 ስካነር ላይ አይገባም። አራት ቦታ ከፋፍሎ ስካን አድርጎ በኮምፒውተር መገጣጠም ይቻላል፤ ግን አድካሚ ነው። በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቀላል። ሽፋኑን መስኮት አጠገብ ወለል ላይ አስተኙት። ስልኩን ከላይ፣ ከሽፋኑ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ያዙ። ትንሽ ራቅ በሉና በ2 እጥፍ ዙም አንሱ፤ በጣም ከተጠጋችሁ ጠርዙ ይጎብጣል። ፍላሽ ይጥፋ። ለዚህ ሥራ ከደሴ የተሻለ ከተማ አላውቅም። ጭጋግ የጦሳን ተራራ በሸፈነበት ጠዋት የሚመጣው ብርሃን ልስልስ ያለ ነው፣ ጥላ አይጥልም፣ አብረቅራቂ ወረቀት ላይም አይንጸባረቅም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ፀሐይዋ ከመጠንከሯ በፊት፣ በጥላ በኩል ባለ መስኮት ሞክሩ።

የፊቱን ብቻ ሳይሆን የጀርባውንና የውስጡንም አንሱ። ፋይሉን በድምፃዊው ስም፣ በአልበሙና በዓመቱ ሰይሙት። አንድ ቅጂ ስልክ ላይ፣ አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ቅጂ ከቤት ውጭ ያለ ሰው ጋ ወይም ኢሜይላችሁ ውስጥ ይቀመጥ።

ሥራ አንድ፦ የ24 ካሴት ሰሌዳ

ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው። ወጪው ትንሽ ነው፣ የሚሠራው በኮፒ ነው፣ እንግዳ የሆነ ሁሉ ፊቱ ቆሞ ያነብበዋል።

የሚያስፈልገው 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ)፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ጥቂት ቀለም፣ ቪናቪል ኮላ፣ ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ እርሳስ ነው። ኤምዲኤፉን የቤት ዕቃ የሚሠሩ አናጺዎች ጋ ከቁርጥራጭ ላይ ታገኛላችሁ፤ ልኩን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ይቁረጡላችሁ።

ማተሙ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ በላይዘር ይታተም። የቀለም ፈሳሽ የሚረጨው ፕሪንተር ያተመው ኮላ ሲነካው ይሟሟል። ካልተማመናችሁ ጥግ ላይ በእርጥብ ጣት ነካ አድርጉት፤ ከለቀቀ አይሆንም። ሁለተኛ፣ «መጠኑን ሳትቀይር በ100 ፐርሰንት አትምልኝ» በሉ። ፕሪንተሩ ከገጹ ጋር አስማማሁ ብሎ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ካሳነሰው ሰሌዳው ላይ ያለው ስሌት በሙሉ ይፋለሳል። ሽፋኖቹ ኤ4 ላይ ጋደም ተደርገው ሁለት በአራት ከተደረደሩ በአንድ ገጽ 8 ይገባሉ። ስለዚህ ለ24ቱ ሦስት ገጽ ይበቃል። ወረቀቱ ጠንከር ያለ፣ ከ160 እስከ 200 ግራም ይሁን።

ኤምዲኤፉን ጠርዝ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱና የማያብረቀርቅ ቀለም ቀቡት። ሽፋኖቹ ራሳቸው ደማቅ ስለሆኑ መደቡ ጥቁር ግራጫ ወይም ክሬም ቢሆን ይመረጣል። ሲደርቅ በእርሳስ አስምሩ። ስድስት ወደ ጎን፣ አራት ወደ ታች፣ በመካከላቸው 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት። ከግራ ጠርዝ ጀምራችሁ 3፣ 10.5፣ 18፣ 25.5፣ 33 እና 40.5 ላይ ምልክት አድርጉ። ከላይ ጠርዝ ደግሞ 3.5፣ 14.5፣ 25.5 እና 36.5 ላይ። የእያንዳንዱ ሽፋን ግራ የላይ ጥግ እነዚህ መስመሮች የሚገናኙበት ላይ ያርፋል። ዳር ዳሩ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ባዶ ይቀራል።

ሁሉንም በ6.5 በ10 ልክ ቁረጡ። ካተሩን አንዴ ጭናችሁ ከመጎተት ሦስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። ገና ኮላ ሳትነኩ 24ቱንም ሰሌዳው ላይ ደርድሩና ራቅ ብላችሁ እዩት። ሰው ብዙ ጊዜ በቀለም ነው የሚደረድረው፤ ቀዩ ከቀይ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ። ያምራል። እኔ ግን በዘመን መደርደርን እመርጣለሁ። የላይኛው ረድፍ የቆየው፣ የታችኛው የቅርቡ። ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ወደ ቀለም፣ ከእጅ ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር ፊደል፣ ከካራቫት ወደ ጂንስ የሄደውን መንገድ ዓይን ራሱ ያነብበዋል። በቅኝት ለመክፈል ያሰበ ካለ ግን አንድ አልበም ውስጥ ትዝታም ባቲም ሌላም ስለሚገባ አይሆንለትም። ከ24ቱ አንዱን ረድፍ ለወሎ ልጆች መስጠት ግን ይቻላል። ለምሳሌ የማሪቱ ለገሰ ሽፋን እዚያ ረድፍ ላይ ከሌለ ደሴ ላይ እንግዳ ይጠይቃችኋል።

ካረካችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ቦታው እንዳይጠፋባችሁ። ከዚያ አንድ በአንድ። ኮላውን በብሩሽ ከወረቀቱ ጀርባ ስስ አድርጋችሁ እስከ ጠርዙ ቀቡ። ወፍራም ኮላ ወረቀቱን ያሳብጠዋል። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁት፤ ወረቀቱ ኮላውን ጠጥቶ ትንሽ ስለሚለጠጥ ሳይጠበቅ ከተለጠፈ ኋላ ላይ ይጨማደዳል። መስመሩ ላይ አስቀምጡና በንጹህ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር እየገፋችሁ አየሩን አስወጡ። ጠርዙ ላይ የወጣ ኮላ ወዲያው ይጠረግ። አራቱም ረድፍ ሲያልቅ ንጹህ ወረቀት ደርባችሁ መጽሐፍ ጫኑበት። ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ደሴ ላይ፣ በተለይ ክረምት ከሆነ፣ እስከ ማግስቱ አትንኩት።

በመጨረሻ ከሰሌዳው ጀርባ ላይም ወረቀት በዚያው ኮላ ለጥፉ። ፊቱ ብቻ ወረቀት ሲለብስ ኮላው እየደረቀ ስለሚስበው ሰሌዳው ይጎብጣል። ከኋላም ሲሳብ ቀጥ ይላል። ቫርኒሽ መቀባት የሚፈልጉ አሉ። በዘይት የሚሠራው ቫርኒሽ ውሎ አድሮ ስለሚበጫ አልመክርም፤ ባዶውን ወይም በመስታወት ይሻላል። ሰሌዳው ብቻውን ወደ 1.7 ኪሎ ይመዝናል።

ሥራ ሁለት፦ ዋናውን ሸክላ ሽፋን በፍሬም

ዋናው ራሱ ይታይ ካላችሁ ሥራው ሁሉ የሚያተኩረው ሽፋኑን ሳይነኩ መያዝ ላይ ነው። ለዚህ የወረቀት የጥግ ኪስ ትሠራላችሁ።

2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ንጹህ ነጭ ወረቀት ቁረጡ። መሀሉን ያዙና ግራና ቀኙን ወደ ታች እጠፉት፤ ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን ሲወርዱ ላዩ የቀስት ጫፍ ይመስላል። የተረፈውን ጅራት ቁረጡት። የሽፋኑ ጥግ እዚያ ኪስ ውስጥ ይገባል። አራት ኪስ ለአራት ጥግ። ኮላ የሚቀባው የኪሱ ጀርባ ብቻ ነው፤ ኪሱ መደቡ ላይ ይጣበቃል፣ ሽፋኑ ኪሱ ውስጥ በነፃ ይቀመጣል። ኮላው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ሽፋኑን አታስገቡ። ለትንሹ ሸክላ ኪሱን በ1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሥሩት፤ ካልሆነ የዘፋኙን ስም ይሸፍነዋል።

ፍሬም ቤት ስትሄዱ ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ተናገሩ። መስታወቱ ሽፋኑን እንዳይነካ በመካከላቸው 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀጭን እንጨት ዙሪያውን ይግባ። እርጥበት ሲኖር ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ ሳይላጥ አይለያይም። ሁለተኛ፣ ጀርባው በኮላ ሳይሆን በሚከፈት ነገር ይዘጋ። ፍሬሙ ከውጭ ወደ ውጭ 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለትልቁ ሸክላ ልክ ነው። 3 ሚሊ ሜትር መስታወት በዚህ ስፋት 900 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከፍሬሙ ጋር አንድ ጥሩ ምስማር ይችለዋል።

ሥራ ሦስት፦ መደገፊያ መደርደሪያ

ቤት ተከራይታችሁ ከሆነ፣ ወይም ሽፋኖቹን እየቀያየራችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ይህ ይበልጣል። አንድ ሜትር ርዝመት፣ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ፣ ፊቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ከንፈር፣ ጀርባው ላይ ግድግዳ የሚያስይዘው 5 ሴንቲ ሜትር ጣውላ። አናጺ አንድ ከሰዓት አይፈጅበትም። ሦስት ትልልቅ ሸክላ ጎን ለጎን ይቆሙበታል፤ ከኋላቸው ሌሎች ይደረባሉ። ሽፋኑን በመጽሐፍ መለበጫ ላስቲክ ውስጥ አስገቡት፣ አቧራና ጣት እንዳይነካው።

ግድግዳው

ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርድና እርጥበት አለ። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሞቃትና ደረቅ ያለች። ይህ ልዩነት ግድግዳ ላይ በግልጽ ይታያል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የደሴ ቤት የውጭ ግድግዳ ይቀዘቅዛል። የቤቱ ውስጥ እንፋሎት እዚያ ላይ ሄዶ ይጤዛል። ፍሬም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከተሰቀለ ከኋላው አየር ስለማይገባ ሻጋታ ይጀምራል።

ስለዚህ ከተቻለ የውስጥ ግድግዳ ምረጡ፤ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየውን። የግድ የውጭ ግድግዳ ከሆነ ከፍሬሙ ጀርባ፣ የታችኛው ሁለት ጥግ ላይ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነገር ለጥፉ። ካረጀ ነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ ቁራጭ ለዚህ በጣም ተስማሚ ነው። አይንሸራተትም፣ ውሃ አይጠጣም፣ ግድግዳውንም አይጭርም።

የጭቃ ቤት ከሆነ ምስማሩ ጭቃው ላይ ብቻ ከተመታ ውሎ አድሮ ይረግፋል። ቀጥ ብሎ የቆመውን እንጨት ፈልጉ። በጣት መገጣጠሚያ እያንኳኳችሁ ሂዱ፤ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ እንጨት አለ። በቀጭን ምስማር ፍሬሙ በሚሸፍነው ቦታ ሞክሩት፤ ጠንክሮ ከያዘ አገኛችሁት። ብዙ ፍሬም ለመስቀል ካሰባችሁ አንድ ረጅም ጣውላ ከሁለት ሦስት ቋሚ እንጨት ጋር በብሎን አስሩና ሁሉንም ከእሱ ላይ አንጠልጥሉ። ጭቃው በየቦታው ከመቦርቦር ይድናል።

ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ የብረት ምስማር ልስኑን ይሰነጥቃል እንጂ በደንብ አይዝም። በ6 ሚሊ ሜትር መብሻ ብሱት፣ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ) አስገቡ፣ ብሎን እሰሩ። ልስኑን እስክታልፉ ድሪሉን ያለ መዶሻ ምት አሽከርክሩት።

ከፍታና አደራደር

ከመብሳታችሁ በፊት በፍሬሞቹ ልክ ጋዜጣ ቁረጡና ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፉ። አንድ ሁለት ቀን ይቆይ። ቤተሰቡ ሁሉ ሲያልፍ ሲያገድም አስተያየት ይሰጣል፤ ማረም የሚቀለው ያን ጊዜ ነው።

ለቆመ ሰው የምስሉ መሀል ከወለል 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። መጅሊስ የተነጠፈበት ክፍል ከሆነ ግን ሰው የሚያየው ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ስለሆነ ወደ 120 አውርዱት። በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። ሦስት ባለ 35 ፍሬም ከክፍተቱ ጋር 115 ሴንቲ ሜትር ይይዛል። ግድግዳው 320 ከሆነ በግራም በቀኝም 102.5 ይቀራል ማለት ነው።

የምስማሩን ቦታ ለማግኘት ከፍሬሙ ጀርባ ያለውን ሽቦ ወደ ላይ ወጥራችሁ ከሽቦው እስከ ፍሬሙ አናት ያለውን ለኩ። 6 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። መሀሉ 145 ላይ ከሆነ አናቱ 162.5 ላይ ነው። ከዚያ 6 ሲቀነስ ምስማሩ 156.5 ላይ ይመታል። ለመስመሩ ውሃ ልክ፣ ለቁመቱ ቱምቢ። የድሮ ቤት ጣሪያና ወለል ቀጥ ያለ ስላልሆነ በእነሱ አትለኩ።

ከመስኮት ትይዩ አትስቀሉ። ፀሐይ መጀመሪያ የምትበላው ቢጫውንና ቀዩን ነው፤ ሰማያዊው ብቻውን ሲቀር የሰው ፊት የታመመ ይመስላል። ረከቦት ከሚቀመጥበት ጥግም አርቁት። የከሰል፣ የሚቆላ ቡናና የእጣን ጭስ በየቀኑ ተደማምሮ ወረቀቱ ላይ ቡናማ ቅባት ይተዋል። ብቸኛው ቦታ እሱ ከሆነ እዚያ ኮፒ ስቀሉ።

እያንዳንዱ ፍሬም ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፉ። የማን አልበም እንደሆነ፣ ከማን እንደተገኘ፣ ዋናው ነው ወይስ ኮፒ፣ ኮፒ ከሆነ ዋናው የት እንዳለ። ክረምት ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ሁሉንም አውርዳችሁ ጀርባቸውን እዩ። እርጥበት ከሸተተ ከፍታችሁ አድርቁት፣ ቦታውንም ቀይሩ።

ለመሸጥ ካሰባችሁ

ለቤታችሁ አንድ ኮፒ መሥራትና ለገበያ ማባዛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪው፣ ማለትም ሥራውን የፈጠረው ሰው፣ መብት በጥቅሉ በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሽፋን ላይ ደግሞ የፎቶ አንሺው፣ የሠዓሊው፣ የአሳታሚውና የድምፃዊው ጉዳይ ሁሉ አለ። ካፌ ወይም ሆቴል «ለግድግዳችን ሥሩልን» ካላችሁ መጀመሪያ ድምፃዊውን ወይም ቤተሰቡን፣ ከተቻለም ያሳተመውን ሙዚቃ ቤት አግኝታችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ያለ ፈቃድ ልትሠሩ የምትችሉት ደንበኛው ራሱ ያመጣውን ዋናውን ሽፋን በጥግ ኪስና በፍሬም መስቀልን ነው፤ ለዚያም የእጅ ዋጋችሁን ታስከፍላላችሁ።